የግራፍ 22፣ የሴሌስ 9፦ ክርክሩ ከነመልሶቹ

ስለ ሴቶች ቴኒስ ታላላቆች ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ዋንጫ ይቆጥራል። ማርጋሬት ኮርት 24፣ ሴሬና ዊልያምስ 23፣ ስቴፊ ግራፍ 22፣ ክሪስ ኤቨርትና ማርቲና ናቭራቲሎቫ እኩል 18። የግራንድ ስላም የነጠላ ዋንጫ ማለት ነው፤ ግራንድ ስላም የሚባሉት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች የአውስትራሊያ፣ የፈረንሳይ (ፓሪስ ላይ)፣ ዊምብልደንና የዩኤስ ኦፕን ናቸው። ሞኒካ ሴሌስ 9 ብቻ ስላላት ስሟ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል። ብዙ ጊዜማ ጭራሽ አይነሳም። በኢንተርኔት መድረካችን ላይ ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ነገሩ ስለሚያንገበግበኝ ነው። የግራፍን 22 ከሴሌስ 9 ነጥሎ ማየት ልክ አይደለም ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ላስታውስ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሴሌስ በ1973 ኖቪ ሳድ ተወለደች፤ አገሩ ያኔ ዩጎዝላቪያ ነበር። አባቷ የካርቱን ሠዓሊ ነበር። መኪና ማቆሚያ ላይ ገመድ ወጥሮ ነው ያስተማራት። ልጅቷ እንዳትሰለች ኳሶቹ ላይ ሥዕል ይሥልላት ነበር። በ1990 ገና በ16 ዓመቷ ፓሪስ ላይ ግራፍን ረትታ የፈረንሳይ ኦፕንን ወሰደች። ከ1991 መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ 1993 ድረስ 34 ውድድር ገባች። 33ቱ ላይ ለፍጻሜ ደረሰች፤ 22ቱን አሸነፈች። በዚያው ጊዜ በግራንድ ስላም 56 ጨዋታ አድርጋ የተሸነፈችው አንዱን ብቻ ነው። 20 ዓመት ሳይሞላት 8 ዋንጫ ይዛለች።

ኤፕሪል 30 ቀን 1993 ሃምቡርግ ላይ ከማግዳሌና ማሌቫ ጋር ሩብ ፍጻሜ ትጫወት ነበር። ሜዳ ሲቀያየሩ ለዕረፍት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። አንድ ሰው ከተመልካቹ መካከል ወጥቶ ከኋላ መጣና ጀርባዋን በቢላ ወጋት። ሰውየው የግራፍ አድናቂ ነበር። ግራፍ ወደ ቁጥር 1 እንድትመለስለት ፈልጎ ነው ያደረገው። ቁስሉ በሳምንታት ውስጥ ዳነ። ሴሌስ ግን ወደ ውድድር የተመለሰችው በኦገስት 1995 ነው።

ለአንባቢዎች ያቀረብኩት ጥያቄ አንድ ነው። ግራፍን ከሴሬና በላይ ወይም በታች ስታስቀምጡ ያንን ቀን ከግምት ታስገባላችሁ ወይስ አታስገቡም? የመጡትን መልሶች እንደ አመጣጣቸው በራሴ አገላለጽ እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ከአንድ አባት ነው። በሰላምታ ጀመሩ፤ ለሁላችንም ጤና ተመኙ። ዜናውን በ1985 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ ከጀርመን ድምፅ ሬዲዮ እንደሰሙ ያስታውሳሉ። ያኔ ቴኒስ ሲጫወቱ እንኳ አይተው አያውቁም ነበር። ይሁንና አንዲት የ19 ዓመት ልጅ በሺህ ሰው ፊት መወጋቷ ከአእምሯቸው እንዳልወጣ ጻፉ። በሐሳቤ ይስማማሉ። ከዚያ ስለ ሬዲዮ ዘመን ትንሽ አጫወቱን።

2ኛው ከፍራንክፈርት የጻፈ ወንድም ነው። ብዙ ዓመት ጀርመን ኖሯል። ቃሉ ጨዋ ነበር፤ አቋሙ ግን ጠንካራ። የግራፍ ታላቅነት ከሃምቡርግ በፊት የተረጋገጠ መሆኑን አስረዳ። በ1988 አራቱንም ግራንድ ስላሞች ጠራርጋ ወሰደች፤ ሶል ላይ ደግሞ የኦሊምፒክ ወርቅ ደረበችበት። የዚያ ዓመት የፓሪስ ፍጻሜ ናታሻ ዝቬሬቫን በሁለቱም የጨዋታው ክፍል 6 ለ 0፣ 6 ለ 0 አሸንፋ በግማሽ ሰዓት ያህል ያለቀ ነው። ያን ጊዜ ሴሌስ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ግራፍ ሆስፒታል ሄዳ ሴሌስን መጠየቋንም አንስቷል። ሌላ ሰው ለሠራው ወንጀል እሷ ዋጋ መክፈል የለባትም ይላል። አምስቱን በአንድ ዓመት የወሰደ ከእሷ በፊትም በኋላም እንደሌለ ጨምሯል።

3ኛው መልስ አጭር እርማት ናት። በዊልቼር ቴኒስ ዲዴ ደ ግሮትና ዲላን አልኮት በ2021 አምስቱንም መውሰዳቸውን አስታወሰ። የፍራንክፈርቱ ሰው ወዲያው አመሰገነው።

4ኛውን የጻፈችው ቴኒስ የምታሠለጥን እህት ናት። ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስለ ጨዋታው ራሱ የጻፈች እሷ ብቻ ነበረችና። ሴሌስ ግራኝ ነች፤ ፎርሃንዱንም (ራኬት በያዘው እጅ በኩል የሚመታውን) ባክሃንዱንም (በተቃራኒው በኩል የሚመታውን) በሁለት እጅ ትመታለች። ኳሱ ነጥሮ እስኪወርድ አትጠብቅም። ገና እየተነሳ ሳለ ነው የምትቀበለው። ስለዚህ ተጋጣሚዋ የምትዘጋጅበት ጊዜ ታጣለች። የግራፍ ኃይል ያለው ፎርሃንዷ ላይ ነው። ባክሃንዷን አብዛኛውን ጊዜ በስላይስ፣ ማለትም ኳሱን ከሥሩ ቆረጥ አድርጋ በመምታት ትመልስና በፈጣን እግሯ ዞራ በፎርሃንዱ ትጨርሳለች። ሴሌስ የነጠቀቻት ያንን የመዞሪያ ጊዜ ነው። ኳሱን ወደ ባክሃንዷ ደጋግማ ትልካለች፤ ድንገት ወደ ሌላው ጥግ ትሰድዳለች። ግራፍ በሩጫ ትደርስበታለች እንጂ እንደ ወትሮው አትቆጣጠረውም።

ይሁንና ይህ በሁሉም ሜዳ እንደማይሠራ አሠልጣኟ አልደበቀችም። ሣር ላይ ስላይስ ዝቅ ብሎ ይንሸራተታል። በሁለት እጅ የሚመታ ሰው እዚያ ድረስ መጎንበስ ይከብደዋል። በ1992 የዊምብልደን ፍጻሜ ግራፍ 6 ለ 2፣ 6 ለ 1 ያሸነፈችው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ግን በቀይ ሸክላው ሜዳ ሴሌስ በመጨረሻው ክፍል 10 ለ 8 አሸንፋታለች። ስለዚህ የማን ይበልጣል ጥያቄ የሜዳ ጥያቄም መሆኑን አስረድታለች።

5ኛው መልስ ሁለት መስመር ነው፤ ቁጣ አለበት። ዋንጫ ዋንጫ ነው፣ ቢሆን ኖሮ እያሉ ታሪክ አይጻፍም የሚል ነው። እኔንም የግራፍ ጠላት አድርጎኛል። ግራፍን አልጠላትም። ሆኖም መልሱ ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ስለተናገረ አልተቀየምኩትም።

6ኛው ራሱን የሒሳብ ሠራተኛ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ቁጥር ከፈለጋችሁ ቁጥር ይኸውላችሁ በሚል መንፈስ ቆጠራውን ዘረጋው። ግራፍ ከሃምቡርግ በፊት 11 ዋንጫ ነበራት። ከሃምቡርግ በኋላ ደግሞ 11። ከነዚህ 6ቱን የወሰደችው ሴሌስ ከሜዳ በራቀችበት ጊዜ ነው፦ በ1993 ፈረንሳይ፣ ዊምብልደንና ዩኤስ፣ በ1994 አውስትራሊያ፣ በ1995 ፈረንሳይና ዊምብልደን። ሴሌስ ከዚያ ቀን በፊት 8፤ ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ፣ የ1996ቱ የአውስትራሊያ ኦፕን። ምንም አስተያየት አልጨመረበትም። 8 እና 1 የሚሉትን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ግራፍ 22 ሲባል በሰማሁ ቁጥር እነዚህ ሁለቱ ይመጡብኛል።

7ኛው ቁጥሩን ተቀብሎ ድምዳሜውን ግን አልተቀበለም። ጥሩ ተከራካሪ ነው። ሴሌስ ባልነበረችበት ጊዜ ግራፍ ሁሉን እንዳልጠራረገች አሳየ። በ1994 ፓሪስ ላይ በሜሪ ፒርስ ተሸነፈች። ዊምብልደን ላይ በመጀመሪያው ዙር በሎሪ ማክኒል ወጣች። የዩኤስ ኦፕንን ፍጻሜ ለአራንቻ ሳንቼዝ ቪካሪዮ አስረከበች። በ1993 የዊምብልደን ፍጻሜም ያና ኖቮትና በመጨረሻው ክፍል 4 ለ 1 እየመራች ነበር፤ እጇ ላይ የነበረውን ጨዋታ አጥታ በሽልማቱ ላይ አለቀሰች። ይህ ግራፍ ላይ የሚፈረድ አይደለም ይላል። በዚያ ላይ ከስድስቱ ሁለቱ የዊምብልደን ናቸው። ሴሌስ ደግሞ ሣር ላይ ግራፍን አሸንፋ አታውቅም። መከራከሪያው ተገቢ ነው። ከሥሩ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ በግራንድ ስላም ፍጻሜ አራት ጊዜ ተገናኝተው ሦስቱን ያሸነፈችው ሴሌስ ናት።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተቀየረ። 8ኛው መልስ ግራፍ በሮም ድምፅ ሰጥታ የሴሌስን ደረጃ አስወስዳለች የሚል ክስ ይዞ መጣ። የፍራንክፈርቱ ወንድም በ9ኛው መልስ ተነሳበት። ጨዋነቱን ትቶ ሰውየውን ሳያጣራ ስም አጥፊ አለው። ግራፍ ሮም ላይ በዚያ ስብሰባ አልነበረችም። በእርማቱ ልክ ነበር። ንግግሩ ግን ከሚገባው በላይ የመረረ ሆነ።

የሮሙን ነገር ላብራራው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሴሌስ ስትወጋ የዓለም ቁጥር 1 ነበረች። የቴኒስ ደረጃ ያለፉት 12 ወራት ነጥብ ነው። ያልተጫወተ ሰው ነጥቡ በየሳምንቱ እየቀለጠ ይወርዳል። የሴቶች ቴኒስ ማኅበር ደረጃዋ ሳይነካ እንዲጠበቅላት ሐሳብ አቀረበ። ሮም የነበሩት ግንባር ቀደም ተጫዋቾች ድምፅ ሰጡበት፤ አይሆንም አሉ። ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገችው ጋብሪኤላ ሳባቲኒ ብቻ ናት።

10ኛው መልስ ለተጫዋቾቹ ተከራከረ። ደረጃ ማለት እንጀራ መሆኑን አስረዳ። በደረጃ ነው ውድድር የሚገባው። በደረጃ ነው በመጀመሪያው ዙር ከጠንካራ ተጋጣሚ የሚዳነው። የስፖንሰር ውልም በእሱ ይወሰናል። አንድ ቦታ ሲቆለፍ ከሥሩ ያለው ሁሉ አንድ ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዷ ለራሷ ጥቅም መቆሟ አይገርመውም።

11ኛውን መልስ እኔው ጻፍኩ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አልቀበለውም እንጂ። ሴሌስ የተወጋችው መንገድ ላይ አይደለም። የተወጋችው በሥራ ቦታዋ፣ ማኅበሩና አዘጋጆቹ ሊጠብቋት በሚገባ ሜዳ ላይ ነው። የተወጋችውም ቁጥር 1 ስለሆነች ነው። የሰውየው ፍላጎት ከዚያ ቦታ እንድትወርድ ነበር። የሥራ ባልደረቦቿ ድምፅ ሰጥተው አወረዷት። ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለወጊው የሁለት ዓመት እስራት በገደብ ፈረደ፤ ወህኒ ሳይወርድ ወደ ቤቱ ሄደ። ሴሌስ ከዚያ በኋላ ጀርመን ውስጥ ተጫውታ አታውቅም። ስትመለስ ማኅበሩ ከግራፍ ጋር እኩል ቁጥር 1 አደረጋት። ይህ መልካም ነው። ግን ከሁለት ዓመት በላይ ዘግይቷል።

12ኛው መልስ ነገሩን ወደ ዛሬ አመጣው። ጸሐፊዋ የሕግ ባለሙያ ትመስላለች። አሁን የተጎዳች ወይም የወለደች ተጫዋች የቀድሞ ደረጃዋን ይዛ የምትመለስበት ደንብ አለ። ለወለዱት ደንቡ የተሻሻለው በ2018 መጨረሻ ነው። ሴሬና ልጇን ወልዳ በ2018 ፓሪስ ላይ ወደ ግራንድ ስላም ስትመለስ ደረጃዋ ከ450 በታች ወርዶ ነበር። የ23 ዋንጫ ባለቤት በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከጠንካሮች የሚያርቅ ቅድሚያ ሳይሰጣት ዕጣ ውስጥ ገባች። ጩኸት ተነሳ፤ ደንቡም ተቀየረ። የሮሙ ድምፅ ዛሬ ቢሰጥ የተለየ ውጤት ይኖረው ነበር ብላ ታስባለች። እኔም እንደዚያ ይመስለኛል።

በዚህ ምክንያት ወሬው ወደ እናቶች ዞረ። 13ኛው ማርጋሬት ኮርት በ1972 ወልዳ በ1973 ሦስት ግራንድ ስላም መውሰዷን ጻፈ። ኢቮን ጉላጎንግ በ1980 እናት ሆና ዊምብልደንን እንዳሸነፈች፣ ከእሷ በፊት ይህን ያደረገች እናት ለማግኘት እስከ 1914 ወደ ኋላ መሄድ እንደሚያስፈልግም አከለ። ኪም ክላይስተርስ ራኬቷን ከሰቀለች በኋላ ወለደች፤ በ2009 በልዩ ግብዣ ገብታ የዩኤስ ኦፕንን ይዛ ወጣች። ሴሬና ከወሊድ በኋላ አራት ፍጻሜ ደርሳ አራቱንም ተሸንፋለች። ጸሐፊው ይህን እንደ ውድቀት አያየውም፤ ስትወልድ ሳንባዋ ውስጥ በረጋ ደም ለሞት ተቃርባ እንደነበር አስታውሷል።

14ኛው ደራርቱ ቱሉን አነሳ። ይጠበቅ ነበር። በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታጠልቅ፣ በዚያው ኦሊምፒክ የ16 ዓመቷ ጄኒፈር ካፕሪያቲ ግራፍን በፍጻሜ አሸንፋ ነበር። ደራርቱ በ1998 ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን መለሰች። በ2009 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። 15ኛው መልስ ተናደደ፤ ሁሉን ነገር ወደ ሩጫ ካልመለስን አንጠግብም ወይ በሚል ስሜት ጻፈ። 1ኛውን መልስ የጻፉት አባት በ16ኛው ገብተው ልጆቹን አረጋጉ። ስለ እናት ሻምፒዮን እየተወራ ደራርቱ ብትነሳ ምን ነውር አለው አሉ። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

17ኛው የሴሬና ደጋፊ ናት፤ እሳት ለብሳ ነው የመጣችው። ክሩ ሙሉ በሙሉ በሁለት ነጭ ተጫዋቾች ዙሪያ መዞሩ አስቆጥቷታል። ሴሬና በ17 ዓመቷ በ1999 የመጀመሪያውን ዋንጫ ወስዳ በ2017 እርጉዝ ሆና 23ኛውን ወሰደች። ሌላ ማን 18 ዓመት በዚህ ከፍታ ቆየ? ከእህቷ ከቬነስ ጋር ደግሞ በጥንድ 14 የግራንድ ስላም ፍጻሜ ደርሰው አንዴም አልተሸነፉም። የኮርት 24 ሊወዳደር አይገባም ብላ ደመደመች።

18ኛው የኮርትን ጉዳይ በዝርዝር ወሰደው። ከ24ቱ 11ዱ የአውስትራሊያ ናቸው። 13ቱ ደግሞ ከ1968 በፊት የተገኙ ናቸው፤ ያኔ ሙያተኞች ከአማተሮች (ያለ ክፍያ ከሚጫወቱ) ጋር እንዲጫወቱ አይፈቀድም ነበር። አውስትራሊያ ሩቅ ነው፤ ብዙ ጠንካራ ተጫዋቾች አይሄዱም ነበር። ጸሐፊው ግን ሚዛኑን ጠብቋል። በ1970 አራቱንም በአንድ ዓመት መውሰዷ ዛሬም ትልቅ ነው፤ የቀረ ሰው ስለቀረ እሷ አትከሰስም። እዚህ ላይ 5ኛው መልስ ሰጪ ተመልሶ መጣ። ለኮርት ቢሆን ኖሮ ሲባል ዝም ተብሎ ለግራፍ ሲባል ለምን ክርክር ይሆናል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ 19ኛ ሆኖ ተመዝግቧል።

ሁለት መልሶች በስድብ ምክንያት ተሰርዘዋል። 22ኛው የመድረኩ አስተዳዳሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

23ኛው ከርዕሱ የወጣ ነው፤ ግን ደስ አለኝ። አንዲት እናት ከአዲስ አበባ የጻፉት ነው። የ9 ዓመት ልጃቸው ቴኒስ ይዟታል፤ አሠልጣኟ በሳምንት ስድስት ቀን ትምጣ ይላል። ትምህርቷስ ብለው ተጨንቀዋል። መልሱን የሰጠችው ያችው አሠልጣኝ እህት ናት፤ በ24ኛው። የካፕሪያቲን ታሪክ ነገረቻቸው። ካፕሪያቲ 14 ዓመት ሳይሞላት ሙያተኛ ሆነች። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ ኦፕን ግማሽ ፍጻሜ ደርሳ በሴሌስ ተሸነፈች። በ16 ዓመቷ የኦሊምፒክ ወርቅ ያዘች። ብዙም ሳይቆይ ጨዋታው ሰለቻት፤ ከሜዳ ራቀች፤ ከፖሊስም ጋር ተጋጨች። ከዚያ በኋላ ነው ማኅበሩ ለታዳጊዎች የውድድር ገደብ ያጠበቀው። ካፕሪያቲ በ2001 ተመልሳ አውስትራሊያንና ፈረንሳይን ወሰደች፤ ቁጥር 1ም ሆነች። ግን በመካከሉ ያለፉት ዓመታት ከባድ ነበሩ። አሠልጣኟ ለእናትየው የመከረችው በሳምንት ሦስት ቀን እንዲበቃ፣ ሌላ ስፖርትም እንድትሞክር፣ ከሁሉ በላይ ልጅቷ ራሷ ልሂድ ማለቷን እንዲያዩ ነው። አሽ ባርቲ ቴኒስን ትታ ክሪኬት ተጫውታ ተመልሳ ሦስት ግራንድ ስላም መውሰዷን፣ በ25 ዓመቷ ቁጥር 1 ሳለች በቃኝ ማለቷንም አነሳችላቸው። እናትየው አመሰገኑ፤ ልጃቸውን ለማነጋገር ቃል ገቡ።

25ኛው ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ሹፌር ነው። የከተማው ውድድር የሚካሄደው ብዙ አበሻ በሚመላለስበት በ16ኛው ጎዳና አጠገብ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ነው። በጁላይ 2025 ቬነስ ዊልያምስን እዚያ እንዳያት ጻፈ። 45 ዓመቷ ነበር፤ ረዥም ጊዜ ሳትጫወት ቆይታ ተመልሳ ፔይተን ስተርንስን አሸነፈች። በዋናው ውድድር ከእሷ በዕድሜ በልጣ የነጠላ ጨዋታ ያሸነፈች ናቭራቲሎቫ ብቻ ናት። ሰውየው ቲኬቱን የገዛው ለልጁ ብሎ ነበር፤ ቆሞ ያጨበጨበው ግን ራሱ ነው። ዊምብልደን በ2007 ለሴትና ለወንድ እኩል ሽልማት መክፈል የጀመረው ቬነስ ስለተሟገተች ጭምር መሆኑን ለልጁ እንደነገረው አክሏል።

26ኛው ከዚያ ቀጥሎ ወደ አልቲያ ጊብሰን ሄደ። በ1956 ፈረንሳይን አሸንፋ ግራንድ ስላም የወሰደች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። በ1957 ዊምብልደንን ወስዳ ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሳቤጥ እጅ ተቀበለች። አምስት የነጠላ ዋንጫ አላት። ገንዘብ ግን አልነበረም፤ አማተር ነበረችና። በእርጅናዋ ተቸግራ የቀድሞ የጥንድ ጓደኛዋ አንጄላ በክስተን ነች እርዳታ ያሰባሰበችላት። ከቁጥር ውጪ ስለሚቀር ሙያ ካነሳን እሷን መዝለል አይቻልም። መልሱን ባየሁት ጊዜ እኔ ራሴ ለጊብሰን ብቻ የሚሆን ጽሑፍ እንድጀምር ገፋፋኝ።

27ኛው በጤና ሙያ የሚሠራ ሰው ነው፤ ወደ ሴሌስ መለሰን። ኦገስት 2025 ላይ ሴሌስ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባል ሕመም እንዳለባት በይፋ ተናግራለች። ሕመሙ ምን እንደሆነ በቀላሉ አስረዳ። ነርቭ ለጡንቻ የሚልከው መልእክት በደንብ አይደርስም። ጡንቻ በሠራ ቁጥር ይደክማል፤ ዓይንም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳያል። ሴሌስ ያወቀችውም ቴኒስ ስትጫወት ኳሱ ሁለት ሆኖ ሲታያት ነው። ሕመሙ ከቢላው ጋር ምንም ግንኙነት እንደሌለው ጸሐፊው ጠንቅቆ ተናግሯል። በ1998 አባቷ በካንሰር ከሞተ ከሳምንታት በኋላ ፓሪስ ላይ ማርቲና ሂንጊስን በግማሽ ፍጻሜ አሸንፋ ለፍጻሜ መድረሷንም አስታወሰን። የአባቷን ቀለበት አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር የተጫወተችው። ፍጻሜውን ሳንቼዝ ቪካሪዮ ወሰደች። ይህ ጨዋታ በዋንጫ ቆጠራ ውስጥ ዜሮ ነው። እኔ ግን ከ9ኙ ከአንዳንዶቹ አስበልጬ አየዋለሁ።

28ኛው ያው የ5ኛው መልስ ባለቤት ነው። አቋሙን አልቀየረም። ነገር ግን የሴሌስን ጨዋታ አይቶ እንደማያውቅ ገልጾ ከየት ልጀምር ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኟ በ29ኛው ሁለት ፍጻሜ መረጠችለት። አንዱ የ1992ቱ የፓሪስ ፍጻሜ ነው፤ ሴሌስ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ሲቀራት ግራፍ ደጋግማ ስታመልጣት ይታያል። ሌላው የ1995ቱ የዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ ነው፤ ሴሌስ በተመለሰች በሁለተኛው ውድድሯ። ግራፍ 7 ለ 6፣ 0 ለ 6፣ 6 ለ 3 አሸነፈች። በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሴሌስ የመክፈቻ ምቷ (ሰርቩ) ገብቷል ብላ ደስታዋን ጀምራ ሳለ ዳኛው ወጥቷል አለ። በሁለተኛው ክፍል ሴሌስ 6 ለ 0 ስትመታት እግሯን ሳይሆን ዓይኗን ተመልከት ብላዋለች፤ ኳሱ ከግራፍ ራኬት ሳይለቅ አቅጣጫውን ታውቀዋለች። እኔ የማስቀድመው ይህንን ነው፤ ግራፍም በጀርባ ሕመምና አባቷ በግብር ጉዳይ ታስሮ በነበረበት ጭንቀት ውስጥ ሆና ነው የተጫወተችው። ሁለቱንም ለማክበር ከዚህ የተሻለ ጨዋታ አላውቅም።

30ኛው መልስ እኔን ያዘኝ። ሁሉን እያነሳህ የራስህን ደረጃ ግን አልሰጠህም የሚል ነው። ሰጠሁ። ሴሬና አንደኛ፤ በተለያየ ዘመንና ከተለያየ ትውልድ ጋር ተጋጥማ አሸንፋለችና። ናቭራቲሎቫ ሁለተኛ፤ ከ18ቱ ነጠላ በተጨማሪ 41 የጥንድና የድብልቅ ጥንድ ግራንድ ስላም አላት፣ በ1983 ከ87 ጨዋታ አንዱን ብቻ ነው የተሸነፈችው። ግራፍ ሦስተኛ፤ ለጥያቄዬ የራሴ መልስ አዎ ስለሆነ፣ ያንን ቀን ከግምት ስለማስገባ። ሴሌስ አራተኛ፤ እስከ 19 ዓመቷ ያሳየችው ይበቃኛል። ኤቨርት አምስተኛ፣ ኮርት ስድስተኛ።

31ኛው በደቂቃዎች ውስጥ መጣ። ኤቨርት ከሴሌስ በታች መሆኗን ፈጽሞ አልተቀበለውም። በሸክላ ሜዳ ከ1973 እስከ 1979 ድረስ በተከታታይ 125 ጨዋታ አሸንፋለች። ከ1974 ጀምሮ 13 ዓመት ሙሉ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ግራንድ ስላም ወስዳለች። ከናቭራቲሎቫ ጋር 80 ጊዜ ተጋጥማ 37ቱን ያሸነፈች ተጫዋች በሁለት ዓመት ብልጭታ አትበለጥም ይላል። ለብቻው ክር እንዲከፍትበት ጠየቅሁት። ከፍቶታል፤ አሠልጣኟም የፍራንክፈርቱ ወንድምም እዚያ ገብተው መከራከር ጀምረዋል።